ጓዶች፣ ምሳ ነው

ሩቅያ ማረፏን የነገረኝ ዳዊት ነው። ከአዲስ አበባ ደውሎ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ተካ፣ ሩቅያ ሄደች» አለኝ። የት ልለው ነበር። ሩቅያ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሄድ እንጂ ስትቀመጥ የታየች ሴት አይደለችም። ድምፁ ሲሰበር ነው የገባኝ። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከቤቷ ብዙም ሳልርቅ ተቀምጬ፣ መርዶዋን ከአዲስ አበባ ሰማሁ። ልጇ መጀመሪያ የደወለችው ለእሱ ነበር። ሩቅያ ይህን ብታውቅ ሳምንቱን ሙሉ ትስቅብኝ ነበር።

ቀብሯ የዚያኑ ዕለት ከቀትር በፊት ተፈጸመ። ስመለስ እግሬ በድሮው የመድኃኒት መጋዘን በኩል ወሰደኝ። ግቢው አሁን የሌላ ነው። በሩ አጠገብ ቆሜ የመብራቱን ዋና ማጥፊያ ሣጥን በዓይኔ ፈለግሁት፤ ግድግዳው ላይ የተነቀለበት ቦታ ብቻ ቀርቷል። ዘበኛው ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት።

በደርግ ጊዜ፣ ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ገደማ፣ በምሥራቁ ላሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የምናከፋፍለው ከዚያ ግቢ ነበር። ሩቅያ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ፣ እኔ ምክትሏ ነበርን። ክፍል ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የተለሰነ ቤት፣ ሁለት የአየር ማራገቢያ ቬንቲሌተር፣ እኛና ሁለት መረጃ የሚያስገቡ ልጃገረዶች ነን። ኃላፊና ምክትል መሆናችንን የሚያስታውሰን የደመወዝ ቀን ብቻ ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ የወርቅ ጥርስ ያላት ሴት ነበረች። ሱሪዋ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። አንገቷ ላይ ጣል የምታደርገው ሻሽ ለላብም፣ ለስክሪን መጥረጊያም፣ ሰው ስታባርርም ያገለግላል። አባቷ ኦሮሞ፣ የባቡር መካኒክ ነበር፤ እናቷ የሐረር ልጅ ናት። ከዘበኛው ጋር በሶማልኛ፣ ከሾፌሮቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ታወራለች። የተማረችው ሃንጋሪ ስለሆነ ማሽን ሲያበሳጫት የምትሳደበው በሃንጋሪ ቋንቋ ነው። ምን እንደምትል አንዳችንም አናውቅም፤ ከድምፁ ግን ባናውቅ ይሻል ነበር።

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም። እኔ ደገኛ ቤት ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን እስክለምድ ድረስ ብዙ ተሳቅቄያለሁ። ሩቅያ ሥራ አስኪያጁንም፣ የፓርቲውን ተጠሪም፣ ከሚኒስቴር የመጣ እንግዳንም «አንተ» ነው የምትለው። ንቀት የለበትም። የሚሰማት ሰው ግን፣ በተለይ ከደጋ የመጣው፣ መጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን አስተካክሎ ይቀመጣል።

አንድ አመል ነበራት፤ ማንኛውንም ነገር ከመውሰዷ በፊት ሲበላሽ ማየት ትፈልጋለች። «ሲሠራማ ሁሉም ይሠራል። ሲወድቅ አሳዩኝ» ትላለች። አንድ ጊዜ ታይዋን ገበያ ሬዲዮ ልትገዛ አብሬያት ሄድኩ። ያኔ የኮንትሮባንድ ዕቃ ከጓሮ እየወጣ በሹክሹክታ የሚሸጥበት ዘመን ነው፤ ሰው አይቶ፣ ከፍሎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ይሄዳል። እሷ ሬዲዮው እየዘፈነ ባትሪውን ነቀለች። መልሳ ከተተች። ጣቢያውን ይዞ እንደሆነ አዳመጠች። እንደገና ነቀለች። ነጋዴው ግራ ቀኝ እያየ አላበው።

«አቦ ሩቅያ፣ ሬዲዮ ነው ባል የምትመርጪው?» አላት።

«ባልማ ሳልፈትን ወስጄ ነው የተቀጣሁት» አለችውና ሌላ ሬዲዮ አስወጣችው።

እውነቷን ነው፤ ባሏን ፈትታ ልጇን ብቻዋን ነበር የምታሳድገው። ስለሱ ክፉም ደግም ስትናገር አልሰማሁም። አስቸጋሪ ሴት ነበረች፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ይቅርታ የሚለውን ቃል በየትኛውም ቋንቋዋ ስትጠቀምበት አላየሁም። እኔን ስትቀጥረኝ የጠየቀችኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «እስከ ዛሬ ካበላሸኸው ነገር ትልቁ ምንድን ነው?» ምንም አላበላሸሁም ብዬ በኩራት መለስኩ። «እንግዲያው ገና አልሠራህም። አይዞህ፣ እዚህ ታበላሻለህ» ብላ ቀጠረችኝ። ቃሏን አከበርኩላት።

አሁን ስለ ሣጥኑ ልንገራችሁ። ድሬ ላይ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሥራ ያበቃል። ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ ትቆምና ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጥላ ውስጥ ይጋደማል፤ ቢሮ የሚከፈተው ወደ ዘጠኝ ተኩል ነው። ዘበኛችን ዋሬ የሚባል ሶማሌ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ቬንቲሌተር ሳያጠፋ ለምሳ ወጥቶ ጥጥና አልኮል የተቀመጠበት ክፍል ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ ዋሬ ማንንም አላመነም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዱላውን ይዞ ግቢውን ይዞራል፣ «ኸላስ! ኸላስ!»፣ በቃ፣ በቃ ይላል፣ ከዚያ የግቢውን መብራት በሙሉ ከዋናው ሣጥን ያወርደዋል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከለከለውም። ፊት ለፊቱ ሚኒስትር ቢቆም ያወርደዋል።

አዲሱ ማሽን የመጣው በዚህ መሀል ነው። ዛሬ ሰርቨር የምትሉት ማለት ነው፤ እኛ «ዋናው ማሽን» እንለው ነበር። እስከዚያ የነበረን ኮምፒውተር አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት ነው። ይህኛው ግን ከግምጃ ቤት፣ ከወጪ፣ ከገቢና ከእኛ ክፍል በተዘረጋ ሽቦ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል። የትኛው መድኃኒት በየትኛው መጋዘን እንዳለ፣ የትኛው ጊዜው ሊያልፍ እንደደረሰ፣ ለየትኛው ጤና ጣቢያ ምን እንደተላከ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ሊገባ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ ጥሩ ፋርማሲስት ነው፤ ማሽን ግን ያስፈራዋል። «መጥቶ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ቀረው?» አላት።

«ይሄ ባዶ መጋዘን ነው» አለችው። «መጋዘን ብቻውን ዕቃ ያከፋፍላል? ማን ቀድሞ ይግባ፣ ማን ይጠብቅ፣ የቱ ዕቃ የት ይቀመጥ የሚል ኃላፊ ይፈልጋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት እሱ ነው። አሁን ኃላፊ እየቀጠርን ነው በለው።»

ለቅጥር የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ገና ከፋብሪካ የወጣ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የመረጠው፣ ፈጣንና ማያ ገጹ የሚያምር ነው። ሌላው እሷ ሃንጋሪ ሳለች የሠራችበት፣ ጥቁር ማያ ገጽ ላይ ደረቅ ጽሑፍ የሚጽፍ፣ የሚያዘግም ነው። ልጃገረዶቹ የመጀመሪያውን «ሙሽራው»፣ ሁለተኛውን «ሽማግሌው» አሏቸው፤ ስሙ ጸና። ሰው ሁሉ ሙሽራውን ወደደ። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄው ነበር።

ሙሽራውን ይዞ የመጣው ዳዊት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተልኮ፣ ገና ወጣት፣ ጭንቅላቱ የሚፈጥን፣ ሲስቅ የሚያስቅ ልጅ። በሁለት ቀን ውስጥ ሁላችንም ወዳጁ ሆንን። ከሩቅያ ጋር ብቻ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ይከራከራል።

«ጓድ ሩቅያ፣ ይሄኛው የተሠራው የአሮጌውን ድክመት አይተው ነው» ይላታል።

«የአሮጌው በሽታ ስሙ ይታወቃል» ትለዋለች። «ሲያመው ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚያድነው ሰው ጽፎታል። የአዲሱን በሽታ ገና ማንም አላገኘውም። ድሬዳዋ እንድታገኘው አልፈልግም። እኛ ከአዲስ አበባ ሩቅ ነን ወንድሜ፤ ቢታመም ሐኪሙ አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ ባቡር ላይ ነህ።»

«መብራት ቢጠፋ የሚይዘው የባትሪ ሣጥንስ?»

«ባለፈው ሰኔ ሙቀት አብጦ ጣልነው።»

«አዲስ ይላካል።»

«ሲላክ እንነጋገራለን።»

ነገሩ የሁለቱ ክርክር ብቻ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን ሙሽራው ለአብዮት በዓል ሥራ እንዲጀምር ከላይ ተወስኗል፣ የመረከቢያው ወረቀት ላይ ደግሞ የእሷ ፊርማ ያስፈልጋል። አልፈረመችም። ስብሰባ ተጠራ። የፓርቲው ተጠሪ ጓድ ተፈራ፣ ከዚህ ቀደም መምህር የነበረ ደርባባ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«ጓድ ሩቅያ፣ መንግሥት የላከውን አዲስ መሣሪያ ማጓተት ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ታውቂያለሽ።»

ቃሉን አላወጣውም፤ ሁላችንም ግን ሰማነው። አሻጥር። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው በማግሥቱ ወንበሩ ላይ ላይገኝ ይችል ነበር። አቶ ግርማ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። እኔ ልጇን አሰብኩ።

«ጓድ ተፈራ፣ ልጅህ ሲታመም ትናንት የተፈለሰፈ መድኃኒት ነው የምትሰጠው?» አለችው። «አልፈርምም አላልኩም። አንድ ቀትር ስጡኝ። ሙሽራችሁ አንድ የድሬ ቀትር ይዋል፣ ሽማግሌው በማግሥቱ አንድ ቀትር ይዋል። እኔ በእጄ አልነካም። ከዚያ እፈርማለሁ።»

አንድ ቀትር ምን እንደሆነ ለዳዊት አልገባውም። ለእኛ ግን ገባን። ሌላ ቀን ዋሬ ከመዞሩ በፊት ማሽኑን በወጉ አጥፍታ ሁላችንንም ለምሳ የምታስወጣው እሷ ነበረችና ዳዊት የሣጥኑን ነገር አይቶ አያውቅም።

የሙሽራው ቀን ደረሰ። አራቱም ተርሚናል ላይ ሰው ተቀመጠ፤ የመጋዘኑ መዝገብ በሙሉ መግባት ጀመረ። ሙሽራው በረረ። ጓድ ተፈራ ፈገግ አለ፣ አቶ ግርማ እንኳ ወንበሩን ወደ ማያ ገጹ አስጠጋ። ሩቅያ ከበሩ አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከውጭ «ኸላስ! ኸላስ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዳዊት ቀና አለ።

«ምንድን ነው?»

ማንም ሳይመልስለት ማያ ገጾቹ ሁሉ ጨለሙ፤ ቬንቲሌተሮቹ እያዘገሙ ቆሙ። ዳዊት ብድግ ብሎ «አስቁሙት! እየጻፈ ነው! ዲስኩ እየጻፈ ነው!» አለ። ሁላችንም ሩቅያን አየናት። ሰዓቷን ተመለከተች፣ ሻሿን አስተካከለች።

«ጓዶች፣ ምሳ ነው» አለችና ወጣች።

እሷ ከወጣች በኋላ ጓድ ተፈራ ዋሬን አስጠራው። ዋሬ ዱላውን ተደግፎ ቆመ።

«ማን ነው መብራቱን አጥፋ ብሎ ያዘዘህ?»

«ሰዓቱ» አለ ዋሬ። «ሰዓቱ ነው የሚያዘው። በየቀኑ ያዛል። አንተም በየቀኑ ምሳ ትሄዳለህ፣ ማን አዘዘህ?»

ልስቅ ፈልጌ ፈራሁ። ለእሷ ከፈራሁት ይልቅ ለዋሬ ፈራሁ፤ እሷ ዲግሪ አላት፣ ሰው ያውቃታል። ዋሬ ያለው ዱላው ብቻ ነው። ለካ ሩቅያ ሩቅ አልሄደችም፤ ከመስኮቱ ውጭ ሆና «ወርያ ዋሬ፣ ና ምሳህን ብላ» ብላ ጠራችው። ወደ ጓድ ተፈራ ዞራም «መጠየቅ ከፈለግህ እኔን ጠይቅ። የማሽኑ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ እሱ የሰዓቱ ነው» አለችው። ዋሬ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዋሬ መብራቱን መለሰው። ሙሽራው አልተነሣም። አንድ መስመር ጽፎ ቆመ፣ ከዚያ ይሄ ፋይል ይጥፋ ወይስ ይቆይ እያለ መጠየቅ ጀመረ። ዳዊት ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ መለሰ፣ መለሰ፣ መለሰ። በማግሥቱ ጠዋት ማሽኑ ሲነሣ የቀኑ ሥራ ግማሹ የለም፤ ያለውም ተደበላልቋል፤ የልጆች ሽሮፕ ከቀዶ ጥገና ክር ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ይላል።

በዚያው ቀን ሽማግሌው ተተካ። ያንኑ ሥራ ጀመርን። ሲያዘግም ሊገድለን ደረሰ፤ አንዷ ልጃገረድ እየጠበቀች ሹራብ ትሠራ ነበር። ስድስት ሰዓት፣ ኸላስ፣ ጨለማ፣ ምሳ። ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ሽማግሌው እያጉረመረመ ራሱን መረመረ፣ ጥቂት ነገር አስተካከለ፣ ተነሣ። የጎደለው እያንዳንዷ ልጅ በመጨረሻ ስትጽፈው የነበረው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ዳዊትን እስከ ዛሬ የምወደው፤ ዝም ማለት ይችል ነበር፣ ሰበብም ነበረው። ግን ቆሞ ተናገረ።

«ሙሽራው የሚፈጥነው የተነገረውን ወዲያው ስለማይጽፍ ነው» አለ። «በጭንቅላቱ ይዞ ቆይቶ ሰብስቦ ይጽፋል። መብራት ሲሄድ በጭንቅላቱ ያለው አብሮ ይሄዳል። ሽማግሌው እያንዳንዷን እዚያው ይጽፋታል፤ የሚያዘግመው ለዚህ ነው። የማይጠፋ መብራት ካለ ሙሽራው ይሻላል። እዚህ ግን እሷ ልክ ናት።»

ጓድ ተፈራ አልረካም። «ታዲያ ዘበኛውን አታጥፋ ማለት ነው እንጂ!»

«እሺ ዋሬን አልነው» አለች ሩቅያ። «የደቻቱን ወንዝስ ማን ይለዋል? ክረምት መጥቶ የመብራቱን ምሰሶ ይዞ ሲሄድ ትከለክለዋለህ?»

ወረቀቱ ላይ የሽማግሌውን ስም ጽፋ ፈረመች። ጓድ ተፈራ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና «ይሄ ነገር ከወደቀ የምትወድቂው አንቺ ነሽ» አላት።

«ይወድቃል እኮ» አለችው። «እኔ እንደሚነሣ ነው የፈረምኩት።»

ዳዊት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሽማግሌው ሥራውን ቀጠለ። በየቀትሩ በወጉ እናጠፋዋለን፣ ስንረሳም ዋሬ ያጠፋዋል፤ ይነሣል። ሰው ስለ ሙሽራው ማውራት ተወ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ከተራራው ላይ የዘነበው ውኃ ደቻቱን ሞልቶ መጣ። ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማ ነበር። የመብራት ምሰሶዎቹን ወሰደ። ከተማው ለቀናት ጨለመ፤ ጄኔሬተራችን ደግሞ ናፍጣ የለውም። በዚሁ መሀል ከገጠሩ፣ ከቢዮ አዋሌና ከአካባቢው፣ ተቅማጥ ገባ የሚል ወሬ መጣ፤ ልጆች እየደከሙ ነው፣ ግሉኮስ ላኩ። በመጀመሪያው ቀን በእጃችን የነበረው አለቀ። ግምጃ ቤቱን በቃሉ የሚያውቀው ሰውዬ ዘመቻ ሄዷል። ጎርፉ በገባበት መጋዘን ውስጥ ደግሞ ካርቶኑ ሁሉ በጥድፊያ ከቦታ ቦታ ተጋዟል፤ የትኛው የት እንደተዛወረ መብራቱ እስኪሄድ ድረስ ልጃገረዶቹ ማሽኑ ላይ እያስገቡ ነበር። መልሱ ያለው ሽማግሌው ውስጥ ብቻ ነው።

መብራት ሊለቀቅ ነው የተባለ ጠዋት ግቢው ሞላ። የጤና ጣቢያው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። አቶ ግርማ አለ። ጓድ ተፈራ ከሁለት ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር መጥቷል፤ ሰዎቹ ስለ መድኃኒት ምንም አልጠየቁም፤ የትኛዋ ሩቅያ እንደሆነች ብቻ ነው የጠየቁት። ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለጋቸውም።

እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ማያ ገጹን አታይም፣ የምታየው በመስኮቱ ሾፌሩን ነው። ዋሬ ሣጥኑ አጠገብ እጁን አንሥቶ ቆሞ ነበር። አንድም ቀን ሲጠራጠር አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዞር ብሎ እሷን አየ።

«ዋሬ፣ ክፈት» አለችው።

መብራቱ መጣ። ማሽኑ ተንቀጠቀጠ። ጥቁሩ ማያ ገጽ ላይ አንድ መስመር ወጣ፣ ቆየ። ሌላ ወጣ። ሽማግሌው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር መመርመር ጀመረ። መኪናው ውጭ ይንደቀደቃል። ከሁለቱ ሰዎች አንደኛው ወደ በሩ ጠጋ አለና መንገዱን ዘጋ። መሞቴ ነው ብዬ አሰብኩ፤ የምትሞተው እሷ መሆኗን ረስቼ። ከዚያ መጻፊያውን የምታሳየው ነጥብ ብልጭ አለች፤ ልክ ከምሳ እንደተመለስን ሁሉ ሽማግሌው ትእዛዝ ጠበቀ።

ሩቅያ በአንድ እጇ ጻፈች። «ሦስተኛው መጋዘን፣ ከበሩ በስተግራ፣ ከፋሻው ካርቶን ኋላ» አለች። «ጊዜው ያላለፈው ታችኛው ነው፤ ላይኛውን አትንኩት።» ልጆቹ ሮጡ። ካርቶኑ እዚያው ነበር። መኪናው ተጭኖ ወደ ቢዮ አዋሌ ሲወጣ ከበሩ አጠገብ የቆመው ሰው ዞር ብሎ ጓድ ተፈራን አየው፤ ጓድ ተፈራ ራሱን ነቀነቀና ሰዎቹ ሄዱ።

እሱ ግን አልሄደም። ጥቂት ቆይቶ እጁን ዘረጋ። ሩቅያ ከብርቱካኑ ግማሹን ሰጠችው። ሁለቱም በሉ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ጠረጴዛዋን ልጠርግ ስል የብርቱካኑን ልጣጭ አየሁት። ግራ እጇ ውስጥ ጨምቃ፣ ፈትፍታ፣ እንደ ዱቄት አድርጋዋለች። መዳፏ በጥፍሯ ተወግቷል። ቀና ብዬ አየኋት። እኔ እሷን ድንጋይ አድርጌ ነበር የማስባት።

«ዝም በል ተኬ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ።

ሩቅያ በተቀበረች ማግሥት ዳዊት በአውሮፕላን መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ አሁን የአንድ ትልቅ የማሽን አዳራሽ ኃላፊ ነው። ለቅሶ ቤቱ ዳስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ወጣቶቹ መሐንዲሶች እብድ እንደሚሉት ነገረኝ፤ አዲስ ነገር ይዘውለት ሲመጡ ሳይናገር ይሰማቸዋል፣ ከዚያ ተነሥቶ ሶኬቱን ይነቅለዋል። «ሁሉም ይጮኹብኛል» አለ። «እኔም ምሳ ነው እላቸዋለሁ። ለምን እንደምል አንዱም አያውቅም።» ከሩቅያ ጋር በየሳምንቱ ይደዋወሉ እንደነበርም ያን ቀን ሰማሁ። ትንሽ ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ዋሬም መጥቷል። አርጅቷል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ሰው ደግፎ አስቀመጠው። ዱላው ግን ያው ነው። ዱዓው አልቆ ሰው ምሳ እየጠበቀ ሳለ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ መብራት ጠፋ። ቬንቲሌተሮቹ እያዘገሙ ቆሙ። ሙቀቱ ወዲያው ወረደብን። ከጥግ የዋሬ ድምፅ መጣ።

«ኸላስ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ዳዊት ብድግ አለ። «ጓዶች፣ ምሳ» ብሎ ጀመረ፤ መጨረስ አልቻለም። እኔ ጨረስኩለት። መጀመሪያ የሳቀችው ልጇ ናት፤ እያለቀሰች ሳቀች፣ ከዚያ ሁላችንም። ነገሩን የማያውቁት ለቀስተኞች እርስ በርስ ተያዩ።

ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ተመለሰ፤ ቬንቲሌተሮቹ ተንቀሳቀሱ። እኔና ዳዊት፣ ዓይኑ በደንብ የማያየው ዋሬ ሳይቀር፣ ሦስታችንም እኩል ዞረን፣ ከምሳ የምትመለስ ይመስል፣ በሩን አየን።